ሜዳው ሲያርፍ

የቡድን ጨዋታ ዓመት፣ ባህላዊም ሆነ ዘመናዊ፣ ሁለት ክፍል አለው፦ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያየው የውድድር ወቅትና ከዓይን ርቆ የሚያልፈው የዕረፍት ወቅት። በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህን ድንበር ከሁሉ በፊት የሚያሰምረው ዝናብ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተደቡብ ምሥራቋ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ አለ። ከሰኔ አንሥቶ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ዝናቡ ስለማያባራ፣ በበጋ አቧራው የሚጨስ ሜዳ በሐምሌ እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። ዝቅ ብሎ በፎገራ ደግሞ ርብና ጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ልጆች ኳስ ያንከባለሉበት መስክ ውኃ ይተኛበታል።

ሜዳው አረፈ ማለት ግን ጨዋታው ቆመ ማለት አይደለም። ገበሬው በኅዳር የሚያጭደው በሰኔና በሐምሌ የዘራውንና ያረመውን ነው። ጨዋታም እንደዚሁ ነው፤ በውድድር ወቅት የሚታየው ድልና ሽንፈት አብዛኛው በዕረፍቱ ወራት የተዘራ ነው። ከሚዘራው ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሚዛን ነው። ሁለት ቡድኖች ካልተመጣጠኑ ውጤቱ ሳይጀመር የታወቀ ስለሚሆን ጨዋታው ለዛውን ያጣል። ስለዚህ ጨዋታ የሚወዱ ብዙ ሕዝቦች፣ ከፋርጣ መስክ እስከ አሜሪካ ታላላቅ ስታዲየሞች፣ ከግጥሚያው በፊት ቡድኖችን የሚያመጣጥኑበት መላ አበጅተዋል።

ገናና የአሥራ አንድ ወር ዕረፍቱ

በደጋው የታወቀው የቡድን ጨዋታ ገና ነው። ስሙን ከበዓሉ ጋር ይጋራል፤ ጫፉ የቆለመመው ዱላም ራሱ ገና ይባላል። የሚመታው ድቡልቡል ኳስ ሩር ሲሆን፣ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ ይሠራል። የጨዋታው ወቅት በታኅሣሥ ተጀምሮ በ29ኛው ቀን በልደት በዓል ይደምቃል። ይህ ጊዜ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ ተከምሯል፤ መስኩ ደርቋል፤ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ተሰማርቷል፤ እረኛውም እጁ ፈታ ብሏል። አዝመራው ሳይሰበሰብ መቶ ሰው በየማሳው ቢራወጥ የዓመት እንጀራ ይረገጣል።

ለገና ተጫዋች ታዲያ የዕረፍቱ ወቅት አሥራ አንድ ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋናው ሥራ ዱላው ነው። ጥሩ ገና ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ወይራን የሚያህል የለም። እረኛው ከብት ሲያግድ ዓይኑ በቁጥቋጦው መካከል ይንከራተታል፤ የሚመቸውን ቅርንጫፍ ሲያገኝ ቆርጦ ይልጠዋል፤ ያልጎበጠውን እሳት እያሳየ ያጎብጠዋል። ከዚያ ጎጆው ውስጥ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ አልፎ አልፎ ቅቤ ሲቀባም እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ሳይደርቅ የተያዘ ዱላ በመጀመሪያው ከባድ ምት ስለሚሰበር፣ የታኅሣሡ ተጫዋች ብርታት በከፊል በክረምቱ ጭስ ውስጥ የተሠራ ነው።

የሚዛኑ ጥበብ የሚታየው ደግሞ ቡድን ሲመሠረት ነው። መንደር ከመንደር ሲጋጠም ተሰላፊው በትውልድ ቦታው ይለያል። በአንድ መንደር ልጆች መካከል ሲሆን ግን መጀመሪያ ሁለት አለቆች ይመረጣሉ። የቀሩት በጉልበትና በሩጫ አቻቸውን እየፈለጉ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ጥንዶቹ ፈቀቅ ብለው በሹክሹክታ ስም ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ነብር፣ ሌላው አንበሳ ይሆናል። ተቃቅፈው ወደ አለቆቹ ይመለሱና ‹‹ነብር ወይስ አንበሳ?›› ብለው ይጠይቃሉ። ባለ ተራው አለቃ ከስሙ ጀርባ ማን እንዳለ ሳያውቅ አንዱን ይመርጣል፤ የቀረው ለሌላው አለቃ ይሆናል። ጠንካራው ከጠንካራ፣ ደካማው ከደካማ ጋር ተጣምሮ ስለሚመጣ፣ አለቃው የቱንም ስም ቢጠራ ሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ሆነው ይወጣሉ። ዳኛና ጽሑፍ የማያስፈልገው፣ ለማጭበርበርም የማይመች የድልድል ሥርዓት ነው።

በጨዋታው ቀን ደግሞ ሌላ ሚዛን ይጨመራል። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው ስድብና ቀልድ አይቆጣም። የሰልፈኛው ብዛት አይወሰንም፤ የሜዳውም ስፋት በመስኩ ልክ ነው። ሩሯን ወደ ተጋጣሚው ወሰን ገፍቶ ያሳለፈ ያሸንፋል።

የአንዱ ዕረፍት የሌላው ወቅት

ገናና እግር ኳስ በሚያርፉበት ክረምት የራሱ ሠርግ ያለው ጨዋታ አለ። ቡሄ፣ ማለትም የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በዓሉ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው፤ የደብረ ታቦር ከተማም የምትጠራው በዚሁ ተራራ ስም ነው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ እረኞች ጅራፍ መግመድ ይጀምራሉ። ከቃጫ ወይም ከጠፍር የተገመደው ጅራፍ ከእጀታው ወፈር ብሎ ተነሥቶ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሲወነጨፍ የሚያስተጋባውን ጩኸት የሚሰጠው ያ ቀጭን ጫፍ ስለሆነ፣ ልጆች ከሁሉ ይበልጥ የሚጨነቁት ለእሱ ነው። የአንዱ ኮረብታ ልጆች ሲያጮኹ የማዶዎቹ ይመልሳሉ፤ ደመና በተጫነው ሸለቆ ድምፁ ይመላለሳል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጅራፉ ይጠቀለልና ለከርሞ ይቀመጣል።

በከተማም ክረምት ለታዳጊዎች ሙት ወቅት አይደለም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ በመሆኑ የሰፈር ቡድኖች ውድድር ይደራል። ትልልቆቹ ክለቦች ሲያርፉ ትንንሾቹ ጭቃውን ሳይፈሩ ይጋጠማሉ፤ የነገው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ ነው።

የፈረስ ጨዋታ ደግሞ ዕረፍቱ ከሁሉ የበለጠ ድካም የሚጠይቅ ነው። ለዚህ በአማራ ክልል ጎልቶ የሚጠቀሰው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል፤ በዓሉም ፈረሶች በዓድዋ ዘመቻ የነበራቸውን ድርሻ ያስታውሳል። ትርኢቱ የአንድ ቀን ቢሆንም፣ ፈረሱ ግን ዓመቱን ሙሉ መቀለብ፣ መታሸትና መገራት አለበት። በክረምት የተዘነጋ ፈረስ በጥር ሜዳ ላይ ጌታውን ያሳፍራል።

የእግር ኳሳችን ክረምት

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የክለቦች ክረምት የራሱን መልክ ይዟል። ውል ያለቀበት ተጫዋች አዲስ ክለብ ይፈልጋል፤ አሠልጣኞች ይሾማሉ፣ ይሰናበታሉ፤ ክለቦች ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ካምፕ ይገባሉ። ደጋፊውም በየሻይ ቤቱ የሚያወራው ስለ ዝውውር ነው፦ ማን ሄደ? ማን መጣ? ግብ ጠባቂው ውሉን አራዘመ ወይ?

የዕረፍት ወቅት ምን ሊወልድ እንደሚችል በቅርብ ዘመን ካሳዩት መካከል የጎንደሩ ፋሲል ከነማ አንዱ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ክለብ በ2011 ውድድር ከፊተኞቹ ተፎካካሪዎች አንዱ ነበር። የ2012 ውድድር ደግሞ በመጋቢት በኮሮና ወረርሽኝ ተቋረጠ፤ በኋላም ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። ተጫዋቾች ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ለብቻቸው እየሮጡ፣ በግቢያቸው እየተለማመዱ ወራት አለፉ። ሊጉ ታኅሣሥ 2013 ላይ ሲመለስ ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። ግጥሚያዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄዱ፤ በዲኤስቲቪም በቀጥታ ተላለፉ። ያን ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግቦች ሲያስቆጥር፣ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሣ። በሊጉ ታሪክ ረጅም ከሆኑት ዕረፍቶች አንዱን ተከትሎ የመጣ ድል ነው።

ሚዛን የማስጠበቁ ጥያቄም በዚያው ዘመን ጎልቶ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ሐሳቡ በቂ ገቢ የሌላቸውና በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እንዳይከፍሉ ለማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ የአንድን ሰው ደመወዝ መወሰንና የአንድን ክለብ ጠቅላላ ወጪ መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተጫዋቹን ዋጋ ይይዛል፤ ሀብታሙ ክለብ ግን ከፍተኛ ተከፋዮችን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይሰበስብ አያግደውም። ሁለተኛው የክለቡን ከረጢት ራሱን ይለካል። ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ሊጉ ለክለቦች ጠቅላላ የተጫዋች ወጪ ገደብ ወደ ማበጀት ተሸጋገረ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለረጅም ጊዜ የተፈተነው በአሜሪካ ነው።

ዕረፍት ራሱ በዓል የሆነበት አገር

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ኳስ ከምንለው ይለያል። ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ሜዳው በሁለቱ የግብ መስመሮች መካከል 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው። አጥቂው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በእነዚህ ሙከራዎች ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት ከሄደ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። እንደ ገና ሁሉ መሠረቱ መሬት እየገፉ ወደ ተጋጣሚ ወሰን መግባት ነው።

ፕሮፌሽናል ሊጉ፣ በአጭር ስሙ ኤንኤፍኤል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ 32 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ በመደበኛው ውድድር 17 ጊዜ ብቻ ይጫወታል። ውድድሩ በመስከረም ተጀምሮ በየካቲት መግቢያ ሱፐር ቦውል በተባለው የፍጻሜ ግጥሚያ ይዘጋል። ግጥሚያው በአሜሪካ እሑድ ምሽት ሲጀመር በደብረ ታቦር ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡30 ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ዓመት በላይ የሚቆይ ዕረፍት ይመጣል፤ ሊጉ ያንን ጊዜ በመርሐ ግብር ሞልቶታል።

መጀመሪያ የሚመጣው ምዘና ነው። ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የተመረጡ ከ300 በላይ ወጣቶች በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተሰብስበው ይፈተናሉ። 40 ያርድ ይሮጣሉ፤ ይዘላሉ፤ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረት ስንት ጊዜ እንደሚያነሡ ይቆጠርላቸዋል። በመጋቢት ውል ያለቀባቸው ነባር ተጫዋቾች ገበያ ይከፈታል። በሚያዝያ ማብቂያ ደግሞ የዕረፍቱ ቁንጮ ይመጣል፤ እሱም ድራፍት ነው።

ድራፍት አዳዲስ ተጫዋቾች ለክለቦች የሚደለደሉበት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሲጀመር መነሻው ግልጽ ነበር፦ ሀብታም ክለቦች ምርጥ ምርጡን እየወሰዱ ድሆቹ እየደከሙ ነበር። ስለዚህ በቀደመው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ በመጨረሻ። ይህ ሰባት ዙር ይደገማል። የደጋው እረኛ በሹክሹክታ ስም የሚያስተካክለውን ሚዛን አሜሪካኖቹ ደካማውን በማስቀደም ያስተካክሉታል። መንገዱ ለየቅል ነው፤ ፍላጎቱ ግን አንድ ነው። አንድም ኳስ ያልተወረወረበትን ይህን ሥነ ሥርዓት ለማየት እ.ኤ.አ. በ2024 በዲትሮይት ከተማ በሦስት ቀን ከ700 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል።

ሁለተኛው መሣሪያ የደመወዝ ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በጠቅላላ የሚያወጣው ገንዘብ በአንድ ቁጥር ይወሰናል። ጣሪያው መጀመሪያ 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። ለአንዱ ኮከብ ብዙ የከፈለ ክለብ ለሌሎቹ ይጠበዋል። ስለዚህ የዕረፍቱ ወራት ደጋፊ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ያሰላል፦ ማን ይቀነስ? የማን ውል ይታደስ? ለተከላካይ ይከፈል ወይስ ለኳስ አቀባይ?

የዚህ ሁሉ ፍሬ በብዙ ኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ቤት በዋሽንግተን ዲሲ ታይቷል። የከተማዋ ክለብ ኮማንደርስ እ.ኤ.አ. በ2023ቱ ውድድር 4 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 13 ጊዜ ተሸነፈ። በሽንፈቱ ምክንያት በ2024 ድራፍት ሁለተኛውን የመምረጥ ተራ አገኘ፤ ጄደን ዳንኤልስ የተባለውን ወጣት ኳስ አቀባይም መረጠ። በዚያው ዕረፍት አዲስ አሠልጣኝ ዳን ኩዊንን ቀጠረ። በቀጣዩ ውድድር 12 ጊዜ አሸንፎ ለሱፐር ቦውል አንድ ግጥሚያ እስኪቀረው ድረስ ተጓዘ።

መዛኞችም ይሳሳታሉ። በታሪክ ከሁሉ ብዙ፣ ማለትም ሰባት ሱፐር ቦውል ያሸነፈው ቶም ብሬዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ድራፍት የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከ262 ተመራጮች የመጨረሻው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳን ፍራንሲስኮን ለሱፐር ቦውል አደረሰ። ሚዛኑም ራሱ ፍጹም አይደለም፤ ኒው ኢንግላንድ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2019 ስድስት ዋንጫ ሰብስቧል። ሆኖም የሥርዓቱን ጥቅም ለመረዳት ግሪን ቤይን ማየት ይበቃል። ነዋሪዋ ከ100 ሺህ እምብዛም የማይበልጥ ከተማ ናት፤ ክለቧ ፓከርስ የአንድ ባለጸጋ ሳይሆን ከ500 ሺህ በላይ ባለ አክሲዮኖች ንብረት ነው። ቢሆንም ከኒው ዮርክና ከሎስ አንጀለስ ክለቦች ጋር እኩል ይፎካከራል፤ 13 ጊዜም የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ገቢ መጋራት፣ ጣሪያና ድራፍት ባይኖሩ ትንሽ ከተማ ይህን ዕድሜ ባላገኘች ነበር።

በሐምሌ ማብቂያ እያንዳንዱ ክለብ እስከ 90 ተጫዋቾች ይዞ ካምፕ ይገባል፤ በነሐሴ ማብቂያ 53 ብቻ ይቀራሉ። ጨዋታው አካል የሚጋጭበት በመሆኑ ለሰውነት ጥበቃም ሕግ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በተፈረመው የሠራተኛ ስምምነት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረው ከባድ ልምምድ ቀርቷል። ዕረፍት በአንድ ፊቱ መጠገኛ ነው፤ ያላረፈ ጉልበት በመስከረም አያገለግልም።

ከዚያ የሚወሰድና የማይወሰድ

ድራፍት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ሊዛወር አይችልም። የአሜሪካው ሥርዓት የቆመው በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ውድድር ላይ ነው፤ ክለቦቹ የሚመርጡት ሌላ ያሳደገውን ወጣት ነው። በእኛ አገር ልጁን የሚያወጣው የሰፈር ሜዳ፣ የታዳጊዎች ፕሮጀክትና የክለብ ወጣት ቡድን ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው የክረምቱን የሰፈር ውድድር መንከባከብ ነው፦ ሜዳ መከለል፣ ውኃ ማፋሰሻ መቆፈር፣ ለልጆቹ ዳኛና ኳስ ማቅረብ፣ ጎበዙን የሚያይ ዓይን መላክ። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መካከል ባሉት የፋርጣና የፎገራ መንደሮች የሚሮጥ ልጅ የሚያየው ካጣ፣ ክለቦቹ በክረምት ነባሮቹን ተጫዋቾች ብቻ እየተቀባበሉ ይኖራሉ።

ሊወሰድ የሚችለው መርሑ ነው። የክለቦች ወጪ በግልጽ ቢታወቅ፣ ገቢው በአግባቡ ቢከፋፈል፣ ውል በጊዜው ቢከበር፣ የትንሽ ከተማ ክለብም ዋንጫ ሊመኝ ይችላል። መርሑ ለደጋው ልጅ እንግዳ አይደለም፤ አቻውን ይዞ በሹክሹክታ ስም ሲያወጣ ኖሮበታል።

በመስከረም ዝናቡ ይቆርጣል፤ መስኩ በአደይ አበባ ይለብሳል። የፎገራ ውኃ ይሸሻል፤ የከተማው ሜዳ ጭቃ ይረጋል፤ መስመሩ እንደገና በኖራ ይሰመራል። ክለቦች ከካምፕ ይወጣሉ። ከምድጃ በላይ የተሰቀለው የወይራ ገና ግን ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፤ እህሉ ተከምሮ መስኩ እስኪለቀቅ ድረስ እዚያው ጭሱ ላይ ይቆያል።